የሦስተኛው ሲሊንደር ውሸት

በሠላሳ አንድ ዓመት የመካኒክነት ዘመኔ ስለ ሞተር የዋሸሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀንም ቢሆን ሰው ላታልል አስቤ አልነበረም። ልጄን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ቶሎ ከግቢዬ እንዲወጡልኝ ብዬ ነው። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያን ዕለት ግን አላሳቀኝም።

ባንታየሁ እባላለሁ። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ ነው። ናይሮቢ ከመጣሁ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ጊጊሪ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የመኪና ጥገና ኃላፊ ነኝ፤ ቤቴ ግን ኪሊማኒ ነው፤ ግቢው ሰፋ ያለ፣ ጣሪያው የሚያፈስ አሮጌ ቤት። እዚያ እኔና ባለቤቴ መሠረት አንዲት ልጅ እናሳድጋለን። «እናሳድጋለን» የምለው አመል ሆኖብኝ ነው እንጂ ልዕልት ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በመካኒካል ምሕንድስናም ተመርቃለች። ናይሮቢ ስንገባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በሌላው ቀን ትምህርት ቤቷን ትወድ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከእኔ ጋር መኪና ሥር መተኛት ይበልጥባት ነበር። እናቷ ስንት ቀሚስ በዘይት ተበላሽቶባት እንደጣለች እሷ ትንገራችሁ።

ይህችን ልጅ ነው እንግዲህ ሚናስ የሚባል ልጅ የወደዳት። ኢምባካሲ አንድ የጭነት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚጠግን፣ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ድምፁ ከአፉ ለመውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ የሚመስል ልጅ ነው። በልጁ ላይ የምጠላው ነገር አልነበረኝም። አንድ ነገር እስክሰማ ድረስ። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሞምባሳ ሊያዛውረው ነው አሉ። ሞምባሳ! በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ አገር። ከዚያ ወዲያ ስሙ በተነሳ ቁጥር ወሬ እቀይር ጀመር።

መሠረት አንድ ቀን ማታ ራት ስታቀርብልኝ፣ «እሑድ ሽማግሌ ይመጣል» አለችኝ፤ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ይመጣል እንደማለት አቅልላ።

«ይምጣ» አልኳት። በልቤ ግን ዕቅዴን አወጣሁ። በእኛ ወግ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም። አስበን፣ ዘመድ አማክረን እንነግራችኋለን ይባላል። እኔ ደግሞ ይህን ወግ እስኪበጠስ እለጥጠዋለሁ። መጀመሪያ ከፍልሰታ በኋላ እላቸዋለሁ። ከዚያ ከመስቀል በኋላ። ከዚያ ከጥምቀት በኋላ። እስከዚያ ልጁ ሞምባሳ ይገባል፤ ባሕር ያያል፤ ይረሳታል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹን ከማየቴ በፊት መኪናቸውን ሰማኋት። የጋሽ ጓንጉል ፔዦ አምስት መቶ አራት ናት። ጋሽ ጓንጉል ናይሮቢ ውስጥ ቅመም የሚነግዱ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሽምግልና ካለ የማይቀሩ ትልቅ ሰው ናቸው። መኪናይቱ አንድ እግሯ እንደተሰበረ ላም እያነከሰች ግቢዬ ገባች። በመስኮት ሳይ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ከውስጧ ጋሽ ጓንጉልና ሁለት ጓደኞቻቸው ነጭ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወረዱ። ሹፌሩ ግን አልወረደም። ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ድፍት አድርጎ መሪው ላይ አቀርቅሯል።

ሚናስ ነው። ሽማግሌ ላኪ ከሽማግሌው ጋር አይመጣም፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ግን ጋሽ ጓንጉል በቅርብ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ስላደረጉ አይነዱም፤ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ደግሞ መንዳት አይችሉም። ስለዚህ ሙሽራው ራሱ ሽማግሌዎቹን ጭኖ መጥቶ ውጭ ሊደበቅ ነው። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው በወጉ ቆሙ። እኔም ከወጉ ትንሽ ጨምሬ አቆምኳቸው። መሠረት በክርኗ ጎሸም ስታደርገኝ ነው ተቀመጡ ያልኩት። ጋሽ ጓንጉል ስለ ልጁ አስተዳደግ፣ ስለ እምነቱ፣ ስለ ሥራ ወዳድነቱ ጥሩ አድርገው ተናገሩ። እኔ አንገቴን እየነቀነቅኩ አዳመጥኩና፣ «መልካም። ከፍልሰታ በኋላ ብቅ በሉ» አልኳቸው። አልተከፉም፤ የጠበቁት ነው። ተሳስመን ሸኘኋቸው። ሥራዬን ጨርሼ ነበር።

ፔዦዋ ግን አልጨረሰችም። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ይነሳና ይጠፋል። አሁንም ይነሳል፣ ይጠፋል። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ለመታገስ ሞከርኩ። መካኒክ ሆኖ ያንን ድምፅ እየሰሙ እጅ አጣጥፎ መቆም ግን አይቻልም። አምስተኛው ሙከራ ላይ ሄጄ ኮፋኖውን ከፈትኩ።

«ምን አገኛት?» አልኳቸው ጋሽ ጓንጉልን።

«ይኸው ሁለት ሳምንቷ ነው እንዲህ ካደረጋት። ቫሊ ሮድ ዳገት ላይ ውሃ ታፈላለች። ውሃ እጨምርላታለሁ፣ እሄዳለሁ። ዘይትም መጠጣት ጀምራለች። ነገ ደግሞ እህቴን ልጠይቅ ናኩሩ መሄዴ ነው። ሚና... ይሄ ሹፌር ያደርሰኛል።»

ሹፌሩ ኮፍያውን ይበልጥ ወደ ታች ሳበ።

በየሲሊንደሩ እሳት የሚረጩትን አራቱን ካንዴላዎች ፈታሁ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ደረቅ፣ ቡናማ፣ ጤነኛ ናቸው። ሦስተኛው ጥቁርና በዘይት የራሰ ነው። እዚያ ዘይት ምንም ሥራ የለውም። ከታች ፒስተኑን አልፎ ካልወጣ በቀር አይደርስም። መኪናዋ ውሃ ባፈላች ቁጥር ፒስተኑ ተቃጥሏል፤ ፋሻዎቹ፣ ማለትም ግፊቱን የሚያፍኑት ቀለበቶች፣ ተሰባብረዋል። ይህን ለማወቅ አንድ እይታ በቅቶኛል።

ከአንድ እይታ በኋላ ደግሞ ይህን አሰብኩ። ፒስተኑ ተሰብሯል ካልኩ መኪናዋ ከዚህ አትንቀሳቀስም። እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ትፈታለች። የሚፈታትም ማን ሊሆን ነው? ሚናስ። በየቀኑ ከሥራ መልስ ይመጣል፤ ልዕልት መፍቻ ታቀብለዋለች፤ መሠረት ራት ታበላዋለች። ፍልሰታ ሳይገባ ልጁ የቤቱ ልጅ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ሦስተኛውን ካንዴላ በጨርቅ ጠቅልዬ ጥርግ፣ ጥርግ አደረግሁት። «ቆሽሿል እንጂ ደህና ነው» አልኩ።

ጋሽ ጓንጉል ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። «አይ ባንታየሁ፣ ያንን መለኪያህን አምጣና ለካት። ባለፈው ዓመት የለካህልኝበትን» አሉ።

ምን እላለሁ? የሲሊንደሩን ግፊት የሚለካውን የኮምፕሬሽን ጌጄን አመጣሁ። ሞተሩ እሳት እንዳያገኝ የቦቢናውን ገመድ ነቀልኩ። «አንተ ሹፌር፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጠህ አዙር» አልኩት። ጌጁን በየካንዴላው ቀዳዳ እየተከልኩ አነበብኩ። አንደኛው መቶ ሠላሳ። ሁለተኛው መቶ ሃያ ስምንት። አራተኛው መቶ ሠላሳ። ሦስተኛውን ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆየሁት። መርፌው ትንሽ እየተጎተተ ወጣና ዘጠና ሁለት ላይ ቆመ።

«ዘጠና ሁለት!» አልኩ ደስ ብሎኝ እንደሆነ ሰው። «እኛ ጋራዥ ዘጠናን ያለፈ ሲሊንደር ጤነኛ ነው።»

ይህ ቁጥር የአዲስ አበባ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ ስለዚህ ጌጁ ዝቅ ብሎ ነው የሚያነበው። ናይሮቢ ከዚያ ዝቅ ትላለች፤ ያው ሞተር እዚህ የበለጠ ማንበብ አለበት። ከእኛ አገር የመጣን መካኒኮች መጀመሪያ አካባቢ በዚህ እንሳሳታለን፤ የታመመውን ሞተር ጤነኛ ነው ብለን እንመልሳለን። እኔ ግን ከተሳሳትኩበት አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። ደግሞም የትም አገር ቢሆን ሦስቱ መቶ ሠላሳ አካባቢ ቁጭ ብለው አንዱ ለብቻው ዘጠና ሁለት ከሆነ ጤነኛ አይባልም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የተናገርኩት።

ሹፌሩ ወርዶ አጠገቤ ቆሟል። መርፌውን አይቶታል። ዓይኑን ስከታተል ከመርፌው ተነስቶ ጨርቁ ላይ፣ ጨርቁ ላይ ያለው ዘይት ላይ አረፈ። አውቋል።

እልህ ያዘኝ። «አንተ ልጅ፣ ስለ ሞተር ታውቃለህ?» አልኩት።

«ትንሽ ትንሽ፣ ጋሼ።»

«እና ምን ትላለህ? ጤነኛ ነው ወይስ አይደለም?»

መለኪያውን አየ። እኔን አየ። ወደ ቤቱ መስኮት አየ። ላቡ በኮፍያው ሥር ሲወርድ ይታየኛል። «እርስዎ ካሉ... ጤነኛ ነው፣ ጋሼ» አለ።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለ ልወደድ ባይ ነው እንዴ ልጄን ሞምባሳ የሚወስድብኝ? ነገ እሷ ስትሳሳት፣ ወይ ሌላ ሰው ሲበድላት፣ «እርስዎ ካሉ» ሊል? ጋሽ ጓንጉል በተሰበረ ፒስተን ወደ ናኩሩ ቁልቁለት ሊሄዱ ነው፤ እሱ አንገቱን ይደፋል! የዋሸሁት እኔ መሆኔን ለጊዜው ረስቼዋለሁ።

«ካንዴላውን መልስና ሂዱ» አልኩት።

ያኔ የበረንዳው በር ተንቋቋ። ልዕልት ናት። እናቷ ያለበሰቻትን ነጭ ቀሚስ እንደለበሰች፣ በአንድ እጇ የዘይት ጠርሙስ፣ በሌላው ትልቁን የወጥ ማንኪያችንን ይዛ በግቢው መሃል መጣች። በወጉ ሽማግሌ እያለ ልጅቷ መታየት የለባትም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ። ጋሽ ጓንጉል ግን አላዞሩም።

«ዳዲ፣ ሲሪየስሊ?» አለችኝ። «ዘጠና ሁለት?»

«አንቺ ግቢ!»

«አልገባም። ሦስቱ ናይሮቢ ናቸው፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ብቻውን አዲስ አበባ ቀረ? ንገረኝ እስቲ።»

ጋሽ ጓንጉል ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት።

ልዕልት ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር አልተከራከረችም። አንድ ማንኪያ ዘይት ለክታ በሦስተኛው ቀዳዳ አፈሰሰች። ይህን ያስተማርኳት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እያለች ነው። ዘይቱ ፒስተኑ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለአፍታ ይደፍነዋል፤ ግፊቱ ከጨመረ ያፈሰሰው ፒስተኑ ነው፣ ካልጨመረ ቫልቩ ነው። ጌጁን ከእጄ ወስዳ ተከለችው። ቀና እንኳ አላለችም፤ ሚናስ ግን መኪናው ውስጥ ገብቶ ነዳጁን ረግጧል። እሷ እጇን ከፍ ስታደርግ አዞረ፤ ዝቅ ስታደርግ አቆመ። አንዲት ቃል አልተለዋወጡም። እኔ ከመሠረት ጋር እንዲህ ለመሆን ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

መርፌው መቶ አሥራ ስምንት ላይ ቆመ።

«ፒስተኑ ነው» አለች። «ጋሽ ጓንጉል፣ ፖሌ፣ ይቅርታ፣ ነገ ናኩሩ አይሄዱም። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ ይልብዎታል።» ከዚያ ወደ ሚናስ ዞረች። «አንተስ? ጌጁን አይተኸዋል አይደል? ለምን ዝም አልክ?»

ልጁ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚህ በኋላ መደበቁም አልጠቀመውም። «ፈራሁ» አለ። «ዛሬ አባትሽን ከተቃወምኩ አይሰጡኝም ብዬ ፈራሁ።»

ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። «ዳዲ፣ አንተ ግን ሞተር ላይ ዋሽተህ አታውቅም።» ድምፅዋ ተሰበረ። ሲቆጡኝ እችላለሁ፤ ያንን ግን አልቻልኩትም።

«እኔም ፈርቼ ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው፣ ግን ምን አደርጋለሁ። «ፒስተኑ መሰበሩን ካንዴላውን ስፈታ ነው ያወቅሁት። መኪናዋ እዚህ እንድትቀር አልፈለግሁም። ሽማግሌዎቹ እዚህ እንዲቆዩም አልፈለግሁም። እሱ እንዳልከለክለው ፈራ፤ እኔ እንዳልሰጠው ፈራሁ። የዋሸነው አንድ ውሸት ነው።»

መሠረት በረንዳው ላይ ሆና፣ «ሁለት ፈሪ! አንዱ ሳይበቃኝ ሌላ ተጨመረልኝ» አለች።

ጋሽ ጓንጉል ወደ እኔ ቀረብ አሉ። «ባንታየሁ፣ ሁለት ነፍስ ናኩሩ መንገድ ላይ ልታስቀር ነበር እኮ» አሉኝ በዝግታ። ልክ ነበሩ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ክንዴን ያዙኝና አቆሙኝ።

ቀና ስል ልዕልትን አየኋት። ነጭ ቀሚሷ ሆዱ ላይ በዘይት ጠቁሯል። ሚናስ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ሊሰጣት ፈልጎ እኔን ፈርቶ ይዞት ቆሟል። ይህ ልጅ የቆመበት ቦታ እኔ ለሠላሳ ዓመት የቆምኩበት ነው፤ የምትወዳት ሴት እንዳትሄድብህ ስትል የሆነ ሞኝ ነገር ማድረግ። አንጀቴ ራራ።

«ሰጥቻለሁ» አልኩ።

«እ?» አሉ ጋሽ ጓንጉል።

«ልጄን ሰጥቻለሁ። ፍልሰታም መስቀልም አያስፈልግም።»

«እንዴት ይሆናል! እኛ እኮ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ቀን ንግግር አዘጋጅተናል» አሉና ከልባቸው ቅር አላቸው። ከዚያ ግን ሦስቱም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በተከፈተው ኮፋኖ ፊት ቆመው፣ አንድ በአንድ መረቁን። ፔዦ ፊት ለፊት የተመረቀ ቤተሰብ ናይሮቢ ውስጥ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ቀጥለው መሠረት ምሳ ልታቀርብላቸው ይዛቸው ገባች።

እኔ ሚናስን አስቀረሁት፤ ልዕልትም ጌጁን እንደያዘች ቀረች። «አንድ ነገር ብቻ» አልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ እውነቱን እያወቅህ እንዳትዋሸኝ። እኔን ደስ ላሰኝ ብለህ ዝም ካልክ መልሼ እወስዳታለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አለ። ከዚያ አመነታ። ልዕልትን አየ። እሷ በፍጥነት ራሷን ነቀነቀች፤ ተው እያለችው ነው። እሱ ግን ቃሉን ሰጥቷልና፣ «እንግዲያስ ጋሼ... ወደ ሞምባሳ የሚያዛውረኝ መሥሪያ ቤቱ አይደለም። ልቀየር ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሥራ ያገኘችው እሷ ናት፤ ወደቡ ላይ፣ ክሬን ጥገና። እኔ ተከትያት ነው የምሄደው» አለ።

እስከ ዛሬ በልቤ የሰደብኩት ልጅ ፊቴ ቆሟል። ልጄን የሚወስድብኝ ሰው የለም፤ ልጄ ራሷ ናት የምትሄደው። ሚናስ ሁለታችንን ትቶ በጸጥታ ወደ ቤት ገባ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ጌጁን በጨርቅ ጠረገች። «መች እንደምነግርህ ስፈልግ ሁለት ወር ሆነኝ። ፊትህ አሁን እንደሆነው ሲሆን ማየት ፈራሁ» አለች።

ስለዚህ እሷም ፈሪ ናት። የእኔ ልጅ እኮ ናት፤ ከማን ትወርሳለች? ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም። ክሬን! መኪና ሥር ካልገባሁ ብላ የምታለቅስ ልጅ መርከብ የሚያራግፍ ክሬን ልትጠግን ነው። ኩራትና ሐዘን አንድ ላይ መጡብኝ፤ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

«ሞምባሳ ይሞቃል አሉ» አልኳት በመጨረሻ። ከዚያ የተሻለ ነገር አልመጣልኝም።

«በጣም ይሞቃል።»

«በየስንት ጊዜው ትመጪያለሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ጉንጯ ላይ ጥቁር ዘይት አለ።

«በየወሩ፣ ዳዲ» አለችኝ። «በየወሩ እመጣለሁ።»

ያ መንገድ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ። አዲስ ሥራና አዲስ ትዳር ምን እንደሆነም አውቃለሁ። ልጄም ታውቃለች። «እሺ» አልኳት፤ አመንኳትም።